መዶሻና መጽሐፍ ይዘው የመጡ ወጣቶች



ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአጥቢያችን ወጣቶች ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ፥ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ያዝን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ምሳ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ በዚያ ክረምት ለሦስት ወር አገልግሎት ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ይዘጋጁ ስለ ነበር፥ መንገዱን ሁሉ ስናወራ የነበረው ስለ ተልእኮ ነው። ምሳ የበላንበት ቤት በረንዳ ላይ አንድ አረጋዊ ቄስ ተቀምጠው ነበርና ቀርበን እጅ ነሣናቸው። «ወዴት ናችሁ ልጆቼ?» አሉን። ከሁለቱ አንዱ፥ ወንጌልን ሊያገለግል ባሕር ተሻግሮ እንደሚሄድ በደስታ ነገራቸው። አባ ጥቂት ዝም አሉና፥ «ለመሆኑ ልጄ፥ የምትሄድበት አገር ሰው እስከ ዛሬ ምን እንደ ሰማ ጠይቀሃል?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። ከእርሱ በዕድሜ የምበልጠው እኔም አልነበረኝም።

ያ ጥያቄ ከእኔ ጋር ቀረ። ስለ አጭር ጊዜ ተልእኮ ስናወራ ብዙ ጊዜ ራሳችንን የምናየው በሂያጆቹ ቦታ ነው፤ ስንት ሰው ሰማ፥ ስንት ሰው ተጸለየለት እያልን እንቆጥራለን። ነገር ግን አገራችን ለረጅም ዘመን እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ከሩቅ አገር ወንጌልን ይዘው የመጡ ወጣቶችን አይታለች፤ አንዳንዶቹን አድምጣለች፥ አንዳንዶቹን አባርራለች፥ ለአንዳንዶቹም ያላሰቡትን ሥራ ሰጥታለች። ዛሬ የማካፍላችሁ ከእነዚህ የአንዱን ጓድ ታሪክ ነው። ታሪኩ የተፈጸመው ከደብረ ወርቅና ከሞጣ ብዙም ሳይርቅ፥ ከዓባይ ማዶ በበጌምድር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግማሽ ዓመት በጎንደር

ነገሩ የሚጀምረው ሳሙኤል ጎባት ከሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው። ጎባት በ1799 ተወለደ፤ በባዝል ከተማ ለተልእኮ ከሠለጠነ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ ላከው። መንገድ እስኪከፈትለት በግብፅና በአካባቢዋ ለዓመታት ጠበቀ። በመጨረሻ ከባልደረባው ከክርስቲያን ኩግለር ጋር ወደ ትግራይ ገባ፤ በ1830 የጸደይ ወራትም ብቻውን ጎንደር ደረሰ። ያን ጊዜ ዕድሜው 31 ነበር።

ጎባት በእጁ አዲስ ነገር ነበረው፤ በአማርኛ የታተመ ወንጌል። ይህን ትርጉም ያዘጋጀው በአውሮፓውያን ዘንድ አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቅ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበር። በካይሮ ተቀምጦ ለዓመታት ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰው። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን ገዛው፤ በ1824 አራቱ ወንጌላት፥ በ1829 አዲስ ኪዳን፥ በ1840 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ታተመ። ስለዚህ ጎባት ለኢትዮጵያውያን የሰጠው መጽሐፍ አንድ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ የደከመበት ነበር። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ ለደቀ መዛሙርቱ፥ ሌሎች ወደ ደከሙበት እርሻ እንደ ገቡ የነገራቸውን ልብ ይሏል።

ጎንደር ደግሞ ባዶ እርሻ አልነበረችም። የአገሩ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ፥ ስለ ልደቱና ስለ መቀባቱ በብርቱ ይከራከሩ ነበር፤ ቅባት፣ ጸጋና ካራ የሚባሉት ወገኖች ጉባኤ ከጉባኤ እየተላለፉ ሲሟገቱ ኖረዋል። ከእነዚህ አንዱ፥ ቅባት፥ ዋና ሥሩ በጎጃም ገዳማት ነበር፤ የደብረ ወርቅና የአካባቢዋ ሊቃውንት ስማቸው ከዚህ ትምህርት ጋር ተያይዞ ይነሣል። ክርክሩ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆየ ሲሆን፥ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪያስቆሙት ድረስ ነገሥታትን ሳይቀር ከፋፍሏል። ስለ ክርስቶስ ምንም የማያውቅ ሕዝብ አገኛለሁ ብሎ የመጣ ሰው ቢኖር፥ በመጀመሪያው ቀን ይደነግጥ ነበር።

ጎባት አልደነገጠም፤ አልተጣደፈምም። በጎንደር በቆየበት ግማሽ ዓመት ያህል ጊዜ ዋና ሥራው ወደ ቤቱ ከሚመጡ ሰዎች ጋር መነጋገር ነበር። ካህናትም ምእመናንም ይመጣሉ፤ ይጠይቁታል፥ ይጠይቃቸዋል፤ መጽሐፉን ገልጠው አብረው ያነባሉ። ከእጨጌውም ጋር ተወያይቷል። በየዕለቱ የሆነውን ይጽፍ ስለ ነበር ማስታወሻው በኋላ ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። በብዙ ነገር ከአገሩ ሊቃውንት ጋር አይስማማም ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰዎቹ ተመልሰው ይመጡ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኢሰንበርግ እንደ እርሱ ለስላሳ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያኗን ልማድ በግልጽና በኃይል ይነቅፍ ነበርና በ1838 ከባልደረቦቹ ጋር ከዓድዋ ተባረረ።

የጎባት መንገድም ቀላል አልነበረም። ባልደረባው ኩግለር ገና በመጀመሪያው ዓመት፥ በአደን ላይ ጠመንጃ ፈንድቶ ባቆሰለው ቁስል ሞተ። አገሩ በጦርነት ታወከ። ጎባት በ1830ዎቹ አጋማሽ ከሚስቱ ጋር እንደ ገና ቢመለስም፥ ብርቱ ሕመም ይዞት አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ላይ አሳለፈና ወጣ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ግን አልረሳትም።

የኮረብታው ትምህርት ቤት

በ1846 ጎባት በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ። እዚያም ሆኖ ለኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አወጣ፤ ቀሳውስትን ሳይሆን ባለሙያ ምእመናንን መላክ። በባዝል አጠገብ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የሚባል ሰው በ1840 የመሠረተው የቅድስት ክሪሾና የተልእኮ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች ተቀብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምርና ይልካል። ሐሳቡ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ እንዳገለገለ ያለ ነው፤ ወጣቶቹ በእጃቸው ሠርተው ይኖራሉ፥ መጽሐፍ ቅዱስ ያድላሉ፥ በኑሯቸው ይመሰክራሉ፥ የሃይማኖት ጠብ ግን አያነሡም። ሽፒትለር ከዚህም አልፎ ከእስክንድርያ እስከ ኢትዮጵያ በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም አሥራ ሁለት ጣቢያዎችን የመትከል ሕልም ነበረው።

በ1855 ቀደም ሲል በሸዋ ያገለገለው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና የ24 ዓመቱ ወጣት ማርቲን ፍላድ መንገዱን ሊያጠኑ መጡ። ያ ዓመት ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበት ዓመት ነው። ንጉሡም አቡነ ሰላማም ባለሙያዎቹ እንዲመጡ ፈቀዱ። በሚቀጥለው ዓመት ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ገቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ዛልሙለር ተጨመሩ። አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። ጓዛቸው መሣሪያና የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር።

እስቲ ራሳችንን በእነርሱ ቦታ እናስቀምጥ። ወጣት ናችሁ፤ ጥሪ አላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ጸልያ ልካችኋለች። የአገሩ ንጉሥ በክብር ተቀብሏችኋል፥ መሬት ሰጥቷችኋል፥ ይወድዳችኋል። በጸሎት ስብሰባ ላይ «ጌታ በር ከፈተልን» የምንለው እንዲህ ያለውን ነገር አይደለምን?

ጋፋት

ወጣቶቹ የሰፈሩት በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ነው። ከሞጣ ተነሥቶ በሰባራ ድልድይ በኩል ዓባይን የሚሻገር መንገደኛ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ የሚደርስበት አገር ነው። በዚያ ቤት ሠሩ፥ የብረት ሥራ አቆሙ፥ መንገድ በመሥራትም አገዙ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ጽሕፈትና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጋፋት ይላኩ ነበር። ቫልድማየር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ፍላድ ከባለቤቱ ከፓውሊነ ጋር በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል አገለገለ። በዚያ ያመኑት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ተወስኖ ነበርና ሚሲዮናውያኑ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አልተከሉም።

ቴዎድሮስ ግን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፥ ጠላት የበዛባቸው ንጉሥ ነበሩ። በጎጃም ተድላ ጓሉ ሸፍቶ አልገዛ ብሏል፤ በሌላውም ወገን ዐመፅ አለ። ከባለሙያዎቹ ንጉሡ የፈለጉት ከሁሉ በላይ መድፍ ነበር። ወጣቶቹ እንዲህ ያለ ሥራ አናውቅም ቢሉም ተቀባይነት አላገኙም። በአካባቢው ከነበሩ ሌሎች የውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር ሆነው ሞከሩ፤ አልተሳካም፤ እንደ ገና ሞከሩ፤ በመጨረሻ ቀለጠ፥ ተቀዳ፥ መድፍ ሆነ። ከጋፋት ከወጡት መሣሪያዎች ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ወጣቶች ክፉዎች አልነበሩም። እምቢ ቢሉ ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል ያውቁ ነበር፤ ንጉሡንም ይወድዱ ነበር። አንድ ቀን ተነሥተው ወንጌልን ትተን መድፍ እንሥራ አላሉም። መጀመሪያ መንገድ ነበር፥ ከዚያ ሌላ ሥራ፥ ከዚያ ደግሞ ሌላ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ለቀጣዩ በር ለመክፈት ይመስል ነበር። ከዓባይ ወዲህ ያለው የጎጃም ገበሬ ግን ነጮቹ በጋፋት ምን እንደሚሠሩ ወሬ ቢደርሰው፥ የሚደርሰው የመድፉ ወሬ እንጂ በጓዛቸው የነበረው መጽሐፍ ወሬ እንዳልነበር መገመት አያስቸግርም።

መቅደላ

የቀረውን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1863 መጨረሻ ላይ ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርንና ባልደረባው፥ በ1864 መጀመሪያ ደግሞ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰሩ። በ1866 ንጉሡ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ ንግሥቲቱን አገኘ፤ ተመልሶም መጣ። እዚያው አውሮፓ ቢቀር ኖሮ ሚስቱና ልጆቹ ምን ይሆኑ እንደ ነበር አስቡ። በሚስዮን ታሪክ የባሎች ስም ይጻፋል፤ የፓውሊነን የእነዚያን ወራት ጸሎት ግን የሚያውቀው ጌታ ነው።

በ1867 መኸር ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፥ ገደሉን እየናዱ፥ መንገዱን ራሳቸው ጭምር በእጃቸው እየጠረጉ ግማሽ ዓመት ገደማ ተጓዙ። የጋፋት ሰዎችም አብረው ነበሩ። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በስቅለት ዓርብ በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 13 መቅደላ ወደቀች፥ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ። እስረኞቹም ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ጎባት ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት በጎንደር የጀመረው ጉዞ በዚህ ያበቃ መሰለ። መድፉ ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ አምሳያው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ምን ቀረ?

የተልእኮ ዘገባ እዚህ ላይ ቢቆም ርዕሱ «ውድቀት» ይሆን ነበር። ጌታ ግን ከእኛ ዘገባ የረዘመ ትዕግሥት አለው።

ሚካኤል አረጋዊ የሚባል ኢትዮጵያዊ ልጅ በፍላድ እጅ አደገ። በኋላም ወደ ቅድስት ክሪሾና ሄዶ ተማረ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ 1931 ድረስ፥ በቤተ እስራኤል መካከል አገለገለ። የውጭ ሰዎች በማይገቡበት ዘመን፥ በጦርነትና በረሃብ ውስጥ ሥራውን ያቆየው እርሱና ኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቹ ነበሩ። ፍላድ ከሩቅ ሆኖ ይጽፍላቸው፥ ይረዳቸው ነበር፤ የዕለት ሸክሙ ግን የእነርሱ ነበር።

ሁለተኛው ፍሬ ከዚያው ኮረብታ መጣ። ከኤርትራ ጠረፍ ከባርነት ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 የታተመው በቅድስት ክሪሾና ማተሚያ ቤት ነው። ለጋፋት ባለሙያዎችን የላከው ያ ትምህርት ቤት፥ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ኢትዮጵያውያን ለኢትዮጵያውያን የተረጎሙትን መጽሐፍ አትሞ ላከ። ሴባስቶፖል ከተራራው አልወረደም፤ መጽሐፉ ግን እስከ ወለጋ ቤቶች ድረስ ገባ።

ሦስተኛው ፍሬ በራሳቸው በሂያጆቹ ሕይወት ውስጥ የታየ ነው። ቫልድማየር ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ። በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በእርጅናው ደግሞ በአስፉሪየህ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩና ይደበደቡ ነበር። የልቡን ነገር ጌታ ያውቃል፤ እኔ ግን ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጡ እጆች ከታሰሩ ሰዎች ሰንሰለት ሊፈቱ መዘርጋታቸውን ሳስብ፥ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠውን አምላክ አመሰግናለሁ።

ለምትሄዱት

ወንድሜና እኅቴ፥ ለሁለት ሳምንትም ሆነ ለሦስት ወር ወደ ሌላ አገር ልትሄዱ የምትዘጋጁ ብትኖሩ፥ ይህን ታሪክ የጻፍኩት ላስቀራችሁ አይደለም። ሂዱ። ጎባት በጎንደር የቆየው ግማሽ ዓመት ብቻ ነበር፤ ጌታ ግን ያን ግማሽ ዓመት አልናቀውም።

ስትሄዱ ግን ጎባት እንዳደረገው ተቀምጣችሁ አድምጡ። ከእናንተ በፊት ማን ደከመ? ሕዝቡ ምን ሰማ? ምን ያምናል? ምን አቆሰለው? ጌታ በሉቃስ 10 ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ወደ ቤት ገብተው አስቀድመው ሰላም እንዲሉ፥ የቀረበላቸውንም እንዲበሉ አዘዛቸው። በማዕድ የተቀመጠ ሰው የባለቤቱን ወሬ ይሰማል።

ሙያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ነርስ ብትሆኑ፥ መካኒክ ብትሆኑ፥ መምህር ብትሆኑ። ሙያ በር ይከፍታል። ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት፥ ገና በጉልበታችሁ ላይ ሳላችሁ፥ ምን ብትጠየቁ እምቢ እንደምትሉ ከላኪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። በሩን የከፈተው ሰው ኃያል ሲሆን፥ ወይም ገንዘብ ያለው ሲሆን፥ እዚያ ደርሶ እምቢ ማለት ከባድ ነው። የጋፋት ወጣቶች የከበዳቸው እኛን ይቀልለናል ብለን አንታበይ።

ስትመለሱም ጳውሎስና በርናባስ በሐዋርያት ሥራ 14 ለአንጾኪያ ጉባኤ እንደ ተናገሩ፥ እግዚአብሔር ያደረገውን ተናገሩ። ያልተሳካውንም አትደብቁ። ያያችሁትን አንድ ሚካኤል አረጋዊ፥ ያገኛችሁትን አንዲት አስቴር ጋኖ በስማቸው ጠርታችሁ አስጸልዩላቸው፤ እናንተ ከተመለሳችሁ በኋላ ሥራው የሚቀረው በእነርሱ እጅ ነውና።

ያ ወጣት ሄዶ ተመለሰ። በምስክርነቱ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ስንት ሰው እንደ ሰበከ አልተናገረም። «ከሁሉ አስቀድሜ የደብረ ወርቁን አባ ጥያቄ ጠየቅኋቸው» አለ፤ ከዚያም በሄደበት አገር ያሉ አማኞች የነገሩትን፥ ከአያቶቻቸው ጀምሮ የሆነውን አንድ በአንድ ተረከልን። ጉባኤው በጸጥታ ሰማ፤ ስማቸውንም እየጠራን ጸለይንላቸው።

ጌታ ሆይ፥ ልጆችህን ስትልክ የሚያደምጥ ጆሮ ስጣቸው። እጃቸውን ከምታዝንበት ሥራ ጠብቅ። የዘሩትን የሚያጠጡ የአገሩን ልጆች አስነሣ። በደከሙበት የሳቱትንም በምሕረትህ መልስ። አሜን።